ለማሽኑ ሰዓት የነገርኩበት ጠዋት

የምጽፈው ነገር የሆነው በአንድ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ስልሳ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ስለ ሌላ ቀን ጻፊ ብባል ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

ያን ጊዜ ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት አልፎኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ዘግይቼ በማታ ትምህርት እንደጨረስኩ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያች ወንበር አልተነሣሁም። ሥራዬ ሁለት ነገር ነበር፤ ማገናኘትና አለማገናኘት። ኃላፊዎች «ዛሬ ማንም እንዳይገባብኝ» ይሉኛል፤ እኔም «ስብሰባ ላይ ናቸው» እላለሁ። ሰው ለምኖኝ፣ አልቅሶብኝ፣ ሰድቦኝ ያውቃል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። «ዘነበች እምቢ ካለች እምቢ ነው» ይባል ነበር፤ ይህንንም እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር።

ቤቴ ጉራራ ነው፤ ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ ቁልቁል ወደ ከተማው የሚያይ ግቢ። ባለቤቴ ካረፉ በኋላ ሦስቱን ክፍሎች አከራየሁ። አንዱን ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግደው ሽመልስ ከነቤተሰቡ ያዘው። አንዱን ኮምፒውተር የሚያስተምረው መምህር ምሕረቱ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ታደለች። ታደለች የሆሳዕና ልጅ ናት። በጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መካከል የምትቆም፣ ሲበዛ ዝምተኛ ሴት። ሁለታችንም ዝም ስለምንል እንግባባ ነበር።

ኢንተርኔት በስልክ መስመሬ ገባና አራታችንም ተካፈልነው። ከሱቅ የገዛነው ትንሽ ማከፋፈያ ሳጥን ግን ሰው ሲበዛበት ይደርቃል። አንድ ቅዳሜ መምህር ምሕረቱ ትምህርት ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ።

«ይኼ ነው የሚያከፋፍልልን» አለኝ።

«ይህ እኮ የተጣለ ነው።»

«ለዊንዶውስ ነው የተጣለው እትዬ። ለሊኑክስ ገና ጎረምሳ ነው።»

ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ፣ ግን ማንም በነጻ የሚጭነው ነገር መሆኑን አስረዳኝ። ማሽኑን ሳሎኔ ጥግ፣ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠው። ከኋላው ሁለት ገመድ ሰካበት። «ይህኛው ወደ ውጭ ነው፤ ይህኛው ወደ ግቢው። የሚገባውም የሚወጣውም በዚህ በኩል ያልፋል። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደማያልፍ በመስመር በመስመር እንጽፍለታለን፤ እሱ ማንንም ሳይፈራ ይፈጽማል። ፋየርዎል ይባላል።»

እኔ በልቤ «ይህማ እኔ ነኝ» አልኩ። ለእሱ አልነገርኩትም። ነገር ግን አንድ ነገር አዘዝኩት።

«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ይዘጋ።»

«ለምን? ሁሉም አዋቂ ሰው ነው እኮ።»

«በዚህ ግቢ በሦስት ሰዓት በር ይዘጋል። ይህም በር ነው።»

ትንሽ አየኝና ጻፈው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማንም ተከራይ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። የአከራይ ነገር እንዲህ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ መምህር ምሕረቱ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት በአንድ ደብተር ላይ ለማሽኑ የሚጻፉትን ትእዛዞች፣ ከጎናቸውም ትርጉማቸውን በአማርኛ ጽፎ ሰጠኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «መብራት ከጠፋ ማሽኑ ሰዓቱን ይረሳል፤ ውስጡ ያለችው ባትሪ ሞታለች። ሲመለስ ሰዓቱን ይንገሩት። ካልነገሩት ሌሊት መስሎት እንደዘጋ ይቀራል።»

እሱ በሄደ በስምንተኛው ቀን ሌሊቱን ዘነበ፤ መብራትም ጠፋ። የተመለሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ደብተሩን ይዤ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ትእዛዙን አንድ በአንድ ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ፤ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አንድ ከሃያ ይላል። አንድ ከሃያ ብዬ ጻፍኩና ኢንተር የሚለውን መምቻ ተጫንኩ። ማሽኑም መልሶ አንድ ከሃያ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ደብተሩን ዘግቼ ቁርስ ልበላ ሄድኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታደለች በሬን አንኳኳች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ፀጉሯን አሲዛለች። ግን ፊቷ ልክ አልነበረም።

«እትዬ፣ ኢንተርኔቱ የለም።»

የዚያን ቀን አራት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ እንዳላት አውቃለሁ። ወልደው የተጎዱ ሴቶችን ማከም የሚያስተምር የአንድ ዓመት የውጭ አገር ሥልጠና ነው። ከአገራችን የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ። ዓምና እዚህ ደረጃ ደርሳ፣ ከጤና ጣቢያው ስታናግራቸው በመካከል ተቋረጠ። ዘንድሮ እንደገና ጠሯት፤ ደብዳቤው ግን ከተቋረጠ ወይም ካልቀረበች ሌላ ቀጠሮ እንደማይኖር በግልጽ ይናገራል። ደብዳቤውን በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ አስነብባኛለች።

«ጠዋት ሰዓቱን ነግሬዋለሁ» አልኳት። «ምልክቱስ?»

«ዋይፋዩ ሙሉ ነው። ግን አንድም ገጽ አይከፍትም።»

የስልኩን ቀፎ አነሣሁ፤ ድምፁ አለ። ኢንተርኔቱን ከስልክ መስመሩ የሚቀበለው የሞደሙ መብራቶች ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። በዚህ መካከል ሽመልስ ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ አለ።

«ተቋረጠ አይደል? እኔ እኮ ብያለሁ። ከቆሻሻ የተነሣ ዕቃ እንዴት ብሎ አራት ቤት ያስተዳድራል?»

«ሽመልስ፣ ከቻልክ ዝም በል» አልኩት።

«አጥፍተው ያብሩት። የእኔ ሚዛን እንኳ እምቢ ሲል አንድ ጊዜ በቡጢ ካልኩት ይስተካከላል።»

«ካጠፋሁት ሰዓቱን እንደገና ይረሳል።»

«ይርሳው! እኛ ሰዓት አጣን እንዴ?»

ታደለች ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ መጨረሻው ተንቀጠቀጠ። መምህር ምሕረቱ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ክፍል ገብቷል ማለት ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት አይከፍተውም። በሞባይል እንሞክር አለች፤ ከእኛ ተረተር ላይ በሞባይል ድምፅ እንኳ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። ሦስት ሰዓት ሞላ።

«መገናኛ ኢንተርኔት ቤት ልሂድ» አለች ታደለች። ቦርሳዋን ይዛለች።

የባቡሩ መንገድ የሚቆፈርበት ዓመት ነበር። ከጉራራ ታክሲ ጠብቆ፣ በጭቃው ዞሮ መገናኛ መድረስ በደህና ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሽመልስ እንኳ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ዝናብ አትደርሺም። ብትደርሺም ጆሮሽ ሥር ሃያ ጎረምሳ ኳስ ያያል።»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። በሕይወቴ ለሌላ ሰው ኃላፊነት ወስጄ አላውቅም፤ የታዘዝኩትን ነበር የማደርገው። አፌ ግን ቀደመኝ።

«አትሂጂ። እኔ አገኘዋለሁ።»

ታደለች ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ወንበሬን ስቤ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩና ደብተሩን ገለጥኩ። አራተኛው ገጽ ላይ «ፒንግ፦ ውጭ ያለ ሰው ይሰማ እንደሆነ መጥሪያ» ይላል። በማዞሪያ ክፍል ጠዋት ጠዋት የውጭ መስመሮችን አንድ በአንድ እየጠራን እንደምንፈትነው ያለ ነው። ጻፍኩት። ጥቁሩ ስክሪን ለአንድ አፍታ ቆመና መልስ መጣ። ሌላ መልስ። ሌላም።

«ታደለች፣ ውጭው ይሰማል!»

«የእኔ ግን አይከፍትም።»

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ማዞሪያው ራሱ ውጭ ያገኛል፤ የውስጥ መስመሮቹ ግን አያገኙም። ሽቦ ቢበጠስ ማዞሪያውም አያገኝም ነበር። ይህ ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ደህና ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ማሽኑ እምቢ እያላት ነው።

«ምን አሉ እትዬ?» አለ ሽመልስ።

«አልተበላሸም። ከልክሏታል።»

«ምን አድርጋው?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ገጹን ገለጥኩ። ሕጎቹን ሁሉ ዘርዝሮ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። ጻፍኩት፤ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ መስመሮች ሞላ። እያንዳንዱ መስመር ከየት፣ ወዴት፣ ይለፍ ወይም አይለፍ ይላል፤ ልክ እንደ ጥሪ መዝገብ። ከፊቱ ደግሞ ቁጥር አለ። መምህር ምሕረቱ በትንሽ ፊደል ጽፎታል፦ «ቁጥሩ በዚያ ሕግ ስንት ጊዜ እንደተሠራበት ነው።»

ከላይ ጀምሬ የአይለፍ መስመሮችን ቁጥር በወረቀት ገለበጥኩ። አራት ነበሩ። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከሠላሳ ስምንት ሆኗል።

«ታደለች፣ እስኪ አሁን አንድ ገጽ ክፈቺ። ደጋግመሽ ሞክሪ።»

«በስልኬ እየሞከርኩ ነው።»

ዝርዝሩን እንደገና አስወጣሁ። ሦስቱ ቁጥሮች እንደነበሩ ናቸው። የመጨረሻዋ መስመር ግን ዘጠና ያህል ጨምራለች።

«አንዴ ደግሞ።»

እንደገና ጨመረች። የምትከለክላት ይህች ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንደዚያች ቅጽበት ደም ሥሬ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ነገር አላስታውስም። መነጽሬን ጠርጌ መስመሯን አነበብኩ፦ ከ21:00 እስከ 06:00፣ ድሮፕ። ድሮፕ ማለት ጣለው ማለት ነው።

የእኔ ሕግ ነበረች። የግቢዬ በር።

«ይህ የሌሊቱ ነው» አልኩ። «አሁን እኮ ጠዋት ነው።»

ማሽኑን ሰዓት ጠየቅኩት። ሦስት ከአርባ ሦስት አለኝ። ግድግዳውን አየሁ፤ ሦስት ከአርባ ሦስት። በደቂቃ እንኳ አልተለያዩም። ሽመልስ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ «ሰዓቱማ ልክ ነው» አለ። እኔም ልክ ነው አልኩ። ታደለች ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ሕጉን ደግሜ አነበብኩ። ከሃያ አንድ እስከ ስድስት። እኔ እኮ ያዘዝኩት ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ነበር። ምሕረቱ ለምን ሃያ አንድ አለ?

የግድግዳውን ሰዓት እንደገና አየሁ።

ለሠላሳ አንድ ዓመት የውጭ አገር ጥሪ በፈረንጅ ሰዓት የመዘገብኩ ሴት ነኝ። ሃያ አንድ ሰዓት ማለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መሆኑን ማንም አይነግረኝም። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ደብተሩ «ሰዓቱን ይንገሩት» ሲለኝ ቀና ብዬ ግድግዳዬን አይቼ የእኛን ሰዓት ነገርኩት። ለእሱ ሦስት ከአርባ ሦስት ማለት ሌሊት ነው፤ ዶሮ እንኳ አልጮኸም። እንደታዘዘው ዘግቶ ተኝቷል።

«ስድስት ሰዓት» አልኩ።

«ስድስት ሰዓትማ ያልፍባታል!» አለ ሽመልስ ደንግጦ።

«አይ። ስድስት ሰዓት ልጨምርለት ነው።»

ስቸኩል የመጀመሪያውን ትእዛዝ አበላሸሁት። ማሽኑ አልገባኝም አለ። ሁለተኛውን በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩ፦ ዘጠኝ ከአርባ ዘጠኝ። መምቻውን ተጫንኩ።

የታደለች ኮምፒውተር ከክፍሏ ጮኸ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ተከታትሎ፤ ከሌሊት ጀምሮ የተጠራቀመ መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባ። ታደለች ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ በረንዳው ላይ ቀረ።

«ሽመልስ፣ ስልክህን ከዋይፋዩ አውጣ። ልጆችህም ያውጡ። ሚስትህ ካውያ ሰክታ ከሆነ ትንቀል፤ መብራቱ እንዳይወርድብን።»

«እሺ እትዬ።» አንዲት ቃል አልጨመረም። በሰባት ዓመት ኪራይ እንዲህ ፈጥኖ ሲታዘዘኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እኔ ከማሽኑ ፊት አልተነሣሁም። ቁጥሯን እያየሁ ተቀመጥኩ። የሌሊቷ መስመር ቆማለች፤ የይለፉ መስመር ቁጥር ይሮጣል። ያ ሩጫ ታደለች እየተናገረች እንደሆነ ነገረኝ። አራት ከሩብ ላይ አምፖሉ አንዴ ደብዘዝ አለ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። መብራቱ ቢሄድ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ይጠፋል፤ ያኔ እኔም የማደርገው የለኝም። ተመለሰ። ቁጥሩ አልቆመም ነበር።

አራት ተኩል ሲሆን ታደለች በር ላይ ቆመች። ሸሚዟ ጀርባው ላይ ረጥቧል።

«ጨረስኩ» አለች። «አልተቋረጠም። ሦስት ሆነው ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። አንዷ እንዲያውም እኔን ስትሰማ ጻፈች።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም መጣች። በትከሻዋ ይዤ አስቆምኳት።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አላወቀም። ሽመልስ እስከ ዛሬም ማሽኑ ራሱ የተሳሳተ ነው የሚመስለው። ዝም ማለት ደግሞ የኖርኩበት ሙያ ነው።

«የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ» አልኳት። ሰዓቱን እንዴት እንደተሳሳትኩ ነገርኳት። ሕጉም የእኔ እንደሆነ ነገርኳት።

ተደግፋው ወደነበረው ግድግዳ ዞረች።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «እግዚአብሔር ነው የዘጋው ብዬ ነበር። ዓምናም ዘንድሮም ዘጋው፤ አልፈቀደልኝም ብዬ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ቆሜ ማመስገን ጀምሬ ነበር።»

«አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ ወረደ። እኔ ሻይ ልጣድ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ፤ እዚያም የሻይ ቅጠሉን ጣሳ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒውተር ስለ ቻልኩ ደስ ብሎኝ የጻፍኩ እንዳይመስልዎ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ መምህር ምሕረቱ በስልክ እያስተማረኝ ባትሪዋን ለወጥኩ፤ ማሽኑ ሰዓቱን ከውጭ ራሱ እንዲጠይቅም አደረግሁ። ዛሬ በእኛ ሰፈር የአራት ግቢ ማሽን የማየው እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ከባዶ ጀምሬ የጫንኩትም እኔ ነኝ። ታደለችም ተመርጣ ሄደች፤ ዓመቷን ጨርሳ ተመለሰች። አሁን በአገሯ፣ ሴቶች ከሦስት ቀን መንገድ የሚመጡበት ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች።

እኔን ያልለቀቀኝ ግን ያን ቀን ታደለች የተናገረችው ነገር ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብዬ የመለስኳቸውን ሰዎች ፊት አላውቅም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው ያለኝ። ከክፍለ ሀገር ተበድሮ የደወለ ሽማግሌ ነበረ። ሦስት ቀን በተከታታይ የደወለች፣ በአራተኛው የቀረች ሴት ነበረች። ስልኩን ሲዘጉ ምን ብለው ይሆን? የእኔን ቃል የእግዚአብሔር ነው ብለው ተቀብለው ይሆን? እርስዎም በቤትዎ፣ በቢሮዎ፣ በልጆችዎ ላይ የዘጉት ነገር ካለ ከበሩ ማዶ ያለው ሰው ማን እንደዘጋበት ላያውቅ ይችላል። ይህን ለማለት ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ምክር የለኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሕግ መሰረዣው ትእዛዝ በደብተሩ ውስጥ አልነበረም፤ ምሕረቱ እሰርዛለሁ ብሎ አላሰበም። ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ከፍቼ፣ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቼ አገኘሁት። ያችን አንዲት መስመር ሰረዝኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሽመልስ ቧንቧው አጠገብ ፊቱን እየታጠበ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ በሦስት ሰዓት አልተዘጋም። ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም» አልኩት፤ ባልዲዬን አንሥቼ ገባሁ።